ባለቤቴ እንዲህ ይላሉ

በመኪናዬ በር ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «የዲሴጎ የመንጃ ትምህርት ቤት፤ ትዕግሥት ሙያችን ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ አይታ ሳቋን መግታት ያቃታት የመጀመሪያዋ ሰው ደግሞ ሚስቴ ፑሌንግ ናት። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አልኳት።

«ምንም። ብቻ ‹ሙያችን› ያልሽው ከማን ጋር ሆነሽ ነው?»

«ትምህርት ቤት» ስል ብዙ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና፣ አንድ አስተማሪ፣ በቃ። ዳይሬክተሯም፣ ዘበኛዋም፣ መኪና አጣቢዋም እኔ ነኝ። ቢሆንም በአልማዝ ማውጫዋ ከተማችን በኪምበርሊ፣ በተለይ በእኛ በጋሌሼዌ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መሪ አስጨብጫለሁ። ነርሶችን፣ ሁለት ቄሶችን፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ ታስሮ፣ በተፈታ ማግሥት ራሱ እየነዳ ሊመዘገብ የመጣ ሰውዬ ሳይቀር አስተምሬያለሁ። ስለዚህ እኮራለሁ። የሚያኮራ ነገር ባይኖረኝም እኮራ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ኩራት እራቷ ናት» ትል ነበር፤ እውነትም አንዳንድ ቀን ሌላ እራት አልነበረንም።

ከፑሌንግ ጋር የተዋወቅነው በትምህርት ቤቷ ነው። ሕፃናቱን መንገድ አቋራረጥ እንዳስተምር ተጠርቼ ሄድኩ። እሷ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ አርባ ስድስት ሕፃን ይዛ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ቅንድቧን ብቻ አንስታ ጸጥ ታሰኛቸዋለች። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «መጀመሪያ ወደ ግራ እናያለን» አልኩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ጥርሰ ወላቃ «መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው፤ መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው» አለችኝ። ልክ ናት፤ እኛ አገር የሚነዳው በግራ ነው። «ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አልኩ። ቀና ስል የፑሌንግ ቅንድብ ተነስቷል። ያቺ ቅንድብ እስከ ዛሬ አልወረደችልኝም።

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት አለፈን። ስንጋባ ሕጉ አላስቸገረንም፤ አገራችን ያንን ጉዳይ ወስና ከጨረሰች ቆይታለች። ያስቸገሩን አጎቶቻችን ናቸው። እኛ ጋ ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቀው የወንዱ ወገን ነው፤ የሴቷ ወገን ኮራ ብሎ ተቀምጦ ይጠየቃል። የእኔ አጎት ኮራ ብሎ ሊጠየቅ መጣ። የእሷም አጎት ኮራ ብሎ ሊጠየቅ ተቀመጠ። ሁለቱም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንዱ የሌላውን አፍ እያየ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ አወሩ። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ የፑሌንግ አክስት ከወጥ ቤት ወጥታ «እናንተ ሰዎች፣ ጠያቂ ከጠፋ ሁለታችሁም ጠይቁ፤ ሰጪ ከጠፋ ሁለታችሁም ስጡ! ሻዩ በረደ እኮ!» ብላ ገላገለችን። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ በግ አመጣ፤ በጎቹ ተበሉ፤ ተጋባን። በጋብቻ ቢሮው ደግሞ አጋቢዋ ጥያቄዋን ሳትጨርስ እኔ «አዎ!» ብዬ ጮህኩ። «ገና ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ያደረግሁ ጀግና መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ሚስት ማግባቴን የሰማ አንድ አባት ልጁን ከመኪናዬ አስወርዶ ወሰደ። መንገድ መሃል፣ ሞተሩ እንደተነሳ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም፤ ልጅቷን በክንዷ ይዞ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ይቅር፤ ሌላ ቦታ ትማራለች» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቤቴ ገባሁና ለፑሌንግ «ተማሪዋ አሟት ነው በጊዜ የመጣሁት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ዘየድኩ። «ባለቤቴ» የምትለዋ ቃል ብልህ ናት፤ ባል ትሁን ሚስት አትናገርም። ላይዋ ላይ «ይላሉ»፣ «ያዝዛሉ» እያልኩ አክብሮት ስደርብባት ጭራሽ ማንነቷ ይጠፋል። ተማሪዎቼ ስለ ቤቴ ሲጠይቁኝ «ባለቤቴ ሻይ ይወዳሉ»፣ «ባለቤቴ ዛሬ በጊዜ ግቢ ብለውኛል» እላለሁ። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር እኒህ ባለቤቴ በሰው ሐሳብ ውስጥ አደጉ፤ ሸበቱ፤ ቦርጭ አወጡ። አንዱ ተማሪ የማዕድን ኃላፊ ናቸው ብሎ ወሰነ። አንዲት ነርስ ፈተናዋን ስታልፍ «ለባለቤትሽ» ብላ ባለ ሰማያዊ መስመር ከረባት ሰጠችኝ።

ከረባቱን ቤት ወስጄ፣ ሳቅ ሳቅ እያለኝ፣ ለፑሌንግ አሳየኋት። አልሳቀችም። በማግሥቱ ከሥራ ስገባ ከረባቱን በሽርጧ ላይ አስራ የበቆሎ ገንፎ ታማስላለች። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠችና በወፍራም ድምፅ «ባለቤትሽ ‹ሳይበርድ ብዪ› ብለዋል» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ከረባት አስራ አበሰለች። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ እንዳላየ ሰው በላሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ የኩራት ሰልፍ የሚሉት፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ባንዲራ ይዘው እየዘፈኑ የሚወጡበት ሰልፍ፣ ከተማችን ውስጥ ተጠራ። «እንሂድ» አለች ፑሌንግ።

«እኔ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ኩሩ ነኝ፤ ሰልፍ አያስፈልገኝም። ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል።»

«የታመመው ጉልበትሽ ነው?»

ተደራደርንና እሷ በእግሯ ከሰልፈኛው ጋር ልትሄድ፣ እኔ ከኋላ በመኪና ውኃ ጭኜ ልከተል ተስማማን። ጠዋት ግን ሁለቱን የመኪናዬን በሮች የሚሸፍን ትልቅ ብርድ ልብስ ከጣሪያው አስሬ አወረድኩባቸው። ለምን ብትሉኝ፣ ለፀሐይ። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳናልፍ ነፋሱ ብርድ ልብሱን ገፎ ወስዶ ከበሮ መቺው ራስ ላይ ጣለው። ሰልፈኛው ዞር ብሎ ቢጫውን ጽሑፍ ሲያይ አጨበጨበ። እኔ የሌላ ሰው መኪና የምነዳ መስዬ ፊት ለፊት ብቻ እያየሁ ቀጠልኩ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ፑሌንግ ከከተማው ማዶ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረች። በየጠዋቱ አደርሳታለሁ፤ ከሰዓት እመልሳታለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት «መንዳት መማር አለብኝ» አለች። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ሳስተምር የኖርኩት ለዚህ ቀን መሰለኝ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያይሻል» አልኳት። ቆሞስ አያት፤ በሁለተኛው ቀን።

የአስተማሪ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለው፤ ተማሪው ሲሳሳት ለመያዝ ነው። ፑሌንግ መሪ ስትይዝ ግን እግሬ ከዚያ ፍሬን ላይ አልነሳ አለ። መንገድ ዳር ሰው ሲቆም እይዛለሁ። ውሻ እዚያ ማዶ ሲያዛጋ እይዛለሁ። አንዴ የራሳችንን ጥላ አይቼ ያዝኩ።

«ዲሴጎ፣ እግርሽን አንሺ።»

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።»

«ቀስ ብዬ ነው የለቀቅሁት። አንቺ ነሽ የያዝሽው።»

«ስፖኪዮውን አየሽ?»

«አየሁ። አንቺን ነው የሚያሳየኝ። አንገትሽ ላይ ደም ሥርሽ ተገትሯል።»

በሦስተኛው ቀን የባቡሩ ድልድይ ላይ ደረስን። ከተማችን ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ዳገት የምንለው እሱን ብቻ ነው፤ ፈተና ላይ መኪናው አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ተፈታኙ ወዲያው ይወድቃል። መብራት ያዘን። አረንጓዴ ሲበራ ሞተሩ ጠፋባት። አስነሳች፤ ጠፋ። ከኋላችን የታክሲ ሹፌሮች ክላክሱን አቀለጡት። እኔ፣ ትዕግሥት ሙያዬ ነው ባይዋ፣ ከክላክሱ በላይ ጮኼ «አርባ ስድስት ሕፃን የምትችል ሴት አንድ ፍሪሲዮን ያቅታታል?» አልኩ።

ፑሌንግ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ በትክክል፣ እንዳስተማርኳት። ማርሹን ነፃ አደረገች። ስፖኪዮ አየች። ወረደች። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ቤትም እንዲሁ ነሽ» አለችኝ። «መሪውን ለእኔ ትሰጪና ፍሬኑን አንቺ ትይዣለሽ።» ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ሄደች።

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ከዚያ የባሰ ነው ያደረገችው። አንቱ አለችኝ። «ጨው ይጨመርልዎ?» «መስኮቱን ልዝጋልዎ?» አሥራ አንድ ዓመት አንድ ትራስ ከተጋራችሁት ሰው አፍ «እርስዎ» ሲወጣ እንዴት አጥንት እንደሚያቀዘቅዝ ያየ ያውቀዋል።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሞተሯ ይጠፋል። ይቅርታ በማለት ፈንታ የግቢውን በር ማጠፊያ ጠገንኩ። ጫማዎቿን ጠረግሁ። የቲማቲም መደቧን አጠጣሁ። በአራተኛው ቀን ወደ «አንቺ» ተመለሰች፤ መንዳት የሚባለውን ነገር ግን ከአፏ አላወጣችም። እኔም መማሩን ተወችው ብዬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ደስ አለኝ። የሚወዱትን ሰው በየጠዋቱ ማድረስ ደስ ይላል። እኔ ካላደረስኳት የትም እንደማትደርስ ማወቅም ደስ ይላል፤ ይህን ዛሬ ነው የማምነው።

ስድስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ማ ኬላፒሌን ይዤ ወጣሁ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም፤ ሴቷን ማ፣ ወንዱን ራ እንላለን። ማ ኬላፒሌ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ማግዊኛ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ትምህርት ቤት በር ላይ ይሸጣሉ። ስማቸው በቋንቋችን «ደክሞኛል» ማለት ነው፤ እናታቸው ዘጠነኛ ልጃቸውን ሲወልዱ ያወጡላቸው ስም ነው። እሳቸው ግን ድካም አያውቁም፤ ፈተናውን ሁለቴ ወድቀው ለሦስተኛው እየተዘጋጁ ነበር።

መስቀለኛው ላይ ቆመን አረንጓዴ ስንጠብቅ አንዲት ሰማያዊ መኪና በፊታችን አለፈች። የራ ሴሌካ ናት። ራ ሴሌካ የሰፈሩ ሌላው የመንጃ አስተማሪ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በሐምሌ ብርድም በጥር ሐሩርም ኮታቸውን የማያወልቁ። ሰላምታችን ራስ ከመነቅነቅ አልፎ አያውቅም። እኔም «እኒህ ሰውዬ የእኛ ነገር ደስ አይላቸውም» ብዬ በልቤ ከፈረድኩባቸው አሥር ዓመት ሆኖኛል። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። ኩሩ ሰው ምን በወጣው ይጠይቃል? ይፈርዳል እንጂ።

መሪውን የጨበጠችው ፑሌንግ ናት። ጀርባዋን ቀጥ፣ አገጯን ከፍ አድርጋ፣ ፍሬቻ አሳይታ፣ እንደ ቅቤ ለስለስ ብላ ታጠፈች።

«ማ ኬላፒሌ፣ ግራ ይታጠፉ!»

«ቀጥታ ነው ያልሽኝ።»

«አሁን ግራ አልኩ! ያቺን ሰማያዊ መኪና ይከተሉ!»

«ምን ሰረቁሽ?»

«ይንዱ ብቻ!»

ነዱ። ማ ኬላፒሌ በሕይወታቸው ከሠላሳ በላይ ነድተው አያውቁምና ማሳደዱ በሠላሳ ሆነ። የምትሳደደውም በሠላሳ ነው የምትሄደው። አንድ በብስክሌት የሚሄድ ሽማግሌ ሁለታችንንም ቀደመን።

«ማን ናት እሷ?» አሉ ማ ኬላፒሌ፣ መሪውን እንደ ድስት ጆሮ አንቀው።

«ማንም።»

«ማንም ከሆነች ምን ያስለቅስሻል?»

አላለቀስኩም፤ ላብ ነው። ግን አፌ ሳላዝዘው ተከፈተ። «ባለቤቴ… ባለቤቴ ናት።»

«ናት» አልኩ። «ናቸው» አላልኩም። አሥር ዓመት ያሳደግኋቸው ሽበታም፣ ቦርጫም ሰውዬ በአንዲት ቃል ሞቱ። ማ ኬላፒሌ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

«እና?» አሉ።

«እና ምን?»

«ሚስትሽ መሆኗን እኮ እናውቃለን። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው። ከማን ስትደብቂው ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«እኔ? ከሠርግሽ። አንደኛውን በግ የሸጠው ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ ያልሰማ ደግሞ ብርድ ልብሱ ሲበር ሰማ። አንቺ ‹ባለቤቴ ይላሉ፣ ባለቤቴ ይወዳሉ› ስትዪ እኛ ‹ሚስ ፑሌንግን ምን ያህል ብታከብራት ነው አንቱ የምትላት› እንባባላለን። እኔማ ባሌን ‹ከዲሴጎ ተማር› ብዬዋለሁ።»

«ከረባት የሰጠችኝ ነርስስ?»

«እሷ ከሌላ ሰፈር ናት፤ ምን ታድርግ።»

ሰማያዊዋ መኪና ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ ገብታ ቆመች። በአንድ ጊዜ! እኔ እንኳ ሰው ሲያየኝ በሁለት ነው የምገባው። ማ ኬላፒሌ መንገዱን ዘግተው ቆሙና «እዚህ ማቆም ይፈቀዳል?» አሉኝ። አይፈቀድም። ወረድኩ።

ፑሌንግ አየችኝና መሪውን እንደያዘች ቀረች። ራ ሴሌካ ኮታቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

«ራ ሴሌካ» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ተማሪዬን—»

«ተማሪሽ ናት?»

«ሚስቴን።»

«እሱ ይሻላል» አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ሰው ከተጋባው ሰው ጋር መኪና አይማማርም። እኔ ማ ሴሌካን በወጣትነታችን ላስተምራት ስል ጫማዋን አውልቃ ወርውራብኛለች። ይኸው ምልክቱ።» ኮፍያቸውን አነሱ፤ እውነትም ግንባራቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። «ከዚያ ወዲህ መሪ ነክታ አታውቅም። እኔም ይቅርታ ብያት አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት! እኔ ያንቺን እያስተማርኩልሽ ነው፤ አንቺ የእኔን አስተምሪልኝ። ሰኞ ትመጣለች።»

በልቤ ችሎት አሥር ዓመት ያቆምኳቸው ሰውዬ ይህን ብለው፣ ማ ኬላፒሌን ይዘው፣ በሰማያዊዋ መኪና ሄዱ። ፑሌንግ ወደ እኔ መኪና መጥታ በተማሪው በኩል ገባች። እኔ በአስተማሪው በኩል ገባሁ። ሞተሩን ግን አላስነሳችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሳልፍ ልነግርሽ ነበር። ብወድቅ ደግሞ እስክሞት ላልነግርሽ። ኩራት ያንቺ ብቻ መሰለሽ?»

ይህን አስቤው አላውቅም። በቤታችን ኩራት የሚያጠቃው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ማ ኬላፒሌ ስለ እኛ ያውቃሉ» አልኩ። «ሁሉም ያውቃል።»

«ዲሴጎ፣ የእኔ ተማሪዎች ስድስት ዓመታቸው ነው። ‹ሚስ፣ ሚስትሽ ትናንት በቀይ መብራት አለፈች› ይሉኛል።»

«ቢጫ ነበር!»

«አውቃለሁ።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ከረባቱን ግን አስቆኝ አልነበረም ያሰርኩት። አንድ የማላውቀው ሰውዬ አሥር ዓመት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሻዬን ሲጠጣብኝ ነው የኖርኩት።»

የዚያችን ልጅ አባት ነገር ነገርኳት፤ እንዳላመማት፣ ከመኪናዬ አስወርዶ እንደወሰዳት። «አሟት እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር» አለች። «እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስክትነግሪኝ ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት።» ከዚያ ያቺ ቃል መጣች። ሁለቴ ጠፋችብኝ፤ በሦስተኛው ተነሳች። «ይቅርታ» አልኩ።

ፑሌንግ ቅንድቧን አነሳች። «ድገሚልኝ፤ ክላክስ ስለሚነፉ አልሰማሁሽም።»

እውነትም መንገዱን እንደዘጋን ነበር።

የፈተናዋ ቀን «እንዳትመጪ» አለችኝ። አልሄድኩም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ነው የቆምኩት፤ ከዛፍ ጀርባ። ማ ኬላፒሌም የዚያኑ ቀን ተፈታኝ ነበሩና ወረፋ ይዘው ሲያዩኝ በጣታቸው እየጠቆሙ ለሰው ሁሉ አሳዩኝ። ፑሌንግ ለማቆም ፈተና በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ስትገባ እግሬ መሬቱን እንደ ፍሬን ተጭኖ ባቴን ያዘኝ። ራ ሴሌካ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «የምትፈተነው እሷ ናት፤ አንቺ ምን ያስነዳሻል?» አሉኝ። የእሳቸውም ኮት ብብቱ ርሶ ነበር።

በመጀመሪያው አለፈች። የራ ሴሌካ ተማሪ ሆና ነው የተመዘገበችው፤ እሳቸውም ይህን በደረሱበት ሁሉ ያወራሉ፤ እኔም በደረስኩበት ሁሉ እሰማለሁ። ማ ኬላፒሌ በሦስተኛው ተሳካላቸው። ማ ሴሌካ ደግሞ በተባለው ሰኞ መጡ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው፤ ወፍራም ተረከዝ አለው። መሪውን ሳይነኩ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ባለቤቴ ደህና…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ምላሴ እንደ ዛገ ማርሽ ተንቋቋ። «ሚስቴ ደህና ናት» አልኩ።

«ሰላም በያትና የዳቦ ሊጥ በብርድ እንዴት ኩፍ እንደምታደርግ ጠይቂልኝ» አሉ።

በቃ። አሥር ዓመት ለመናገር የፈራኋት ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት።

ሁሉም ሰው እንዲህ ነው አልልም። በዚያው ወር አንዲት አዲስ ተማሪ «ሚስቴ» ስል ሰምታ በማግሥቱ ቀረች፤ ስልኬንም አላነሳችም። ቤት ገብቼ ግን እንደሆነው ነገርኩ። ፑሌንግ ምክር አልሰጠችኝም። ከመደቧ ቲማቲም ቀጥፋ፣ ቆርጣ፣ ጨው ነስንሳ አቀረበች፤ አብረን በላን።

ብዙም ሳይቆይ ከእኅቷ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ገዛች። መስከረም ላይ ለመምህራን ሥልጠና ብቻዋን ብሉምፎንቴይን ሄደች፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እኔ ሳላደርሳት የሄደችበት የመጀመሪያው ሩቅ አገር። በር ላይ ቆሜ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ውኃውን ሁለት ሁለቴ አየሁ። «ከከባድ መኪና ኋላ እንዳትጠጊ።» «እሺ።» «አጋዘን ድንገት መንገድ ይገባል።» «ሲገባ እነግረዋለሁ» አለችና ሄደች።

ሁለት ቀን ብቻዬን ሰነበትኩ። ለአንድ ሰው ማብሰል አላውቅበትም፤ ገንፎው ለስድስት ሰው ሆነ። ከራዲዮው ጋር ተከራከርኩ፤ ረታሁትም፤ ራዲዮው ግን ቅንድብ የለውም። ስለ ፍቅር ሰው ብዙ ይላል። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ «ልክ ነኝ» ብዬ የምነግራት እሷ ቤት ውስጥ ከሌለች ልክ መሆን ምንም አይረባም።

እሑድ ከሰዓት ቀይዋ መኪና መጣች። ከግራ በሯ እስከ ኋላ መብራቷ ድረስ ረጅም ጭረት ተጋድሞባታል። ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ትምህርት በአንድ ጊዜ አፌ ድረስ መጣ፤ ስለ ስፖኪዮ፣ ስለ ርቀት፣ ስለ አስተጣጠፍ። ዋጥኩት።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ግድግዳው ነው የመጣብኝ» አለች።

«ይመጣል» አልኩ። «ግድግዳ አመሉ ነው።»

ቦርሳዋን ተቀብያት ገባን። ስለዚያ ጭረት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ረቡዕ ቻልኩ።